የዶቭሃን ቆጠራ

በኛ መንደር በኦርምዴል አንድ ሰው ቆጠራ ሲሳሳት «እንደ ዶቭሃን ቆጠርክ» ይባላል። ካርታ ሲጫወት ነጥብ ለተምታታበትም፣ አሥራ አንድ እንቁላል አምጥታ «ደርዘን ነው» ለምትል ሴትም ያው ነው። ዶቭሃኖች ራሳቸው እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ፤ አብረውም ይስቃሉ። ምን ያድርጉ? መቶ አሥራ ሁለት ሰው ባለበት መንደር፣ ያውም የሚጠለሉበት ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ተኮርፎ የት ይኬዳል?

እኔ ቲልዳ እባላለሁ። ስልካችን ያለ ሰው እጅ መሥራት እስኪጀምር ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንደሩን የስልክ ማዞሪያ ይዤ ኖሬያለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን የመንደሩ ሁሉ ዘመድ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ብናገር ኖሮ በኦርምዴል አንድም ትዳር አይቆምም ነበር። አልተናገርኩም። የመንደሩ ሰባ አምስተኛ ዓመት ሲከበር የታሪክ መጽሐፍ ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገው የመረጡኝ ለዚህ ይመስለኛል። ወይም ደግሞ ታይፕ መምታት የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

የዚያን ዓመት፣ በ1980፣ በካናዳ ሳስካችዋን ውስጥ የታሪክ መጽሐፍ የማይጽፍ መንደር አልነበረም። ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ታሪክ ራሱ ይጽፋል፣ ኮሚቴው ይሰበስባል፣ ማተሚያ ቤት ይጠርዘዋል። እንግዲህ ሰው የራሱን ታሪክ ራሱ ሲጽፍ ምን እንደሚመስል አስቡት። የአርባ ሦስት ቤተሰብ ታሪክ በታይፕ መታሁ፤ ከአርባ ሦስቱ ውስጥ አንድ ሰካራም፣ አንድ ሰነፍ፣ በድንበር ከጎረቤቱ ጋር የተካሰሰ አንድ ሰው አልተገኘም። ሁሉም ባዶ እጁን መጣ፣ ሁሉም ጠንክሮ ሠራ፣ ሁሉም በእግዚአብሔር ታመነ። እንደዚያ ዓይነት ሕዝብ ላይ ድርቅና አንበጣ በማን ኃጢአት እንደወረደ እስካሁን አልገባኝም።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሆኮን ብሬከ ነበር። ሰፋሪዎቹ ከመጡ በኋላ እዚህ ሜዳ ላይ መጀመሪያ የተወለደው ልጅ እሱ ነው፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል። አባቱ ኢንግቫልድ ከኖርዌይ መጥቶ መሬቱን በመጀመሪያ ያረሰው ሰው ነው። ያኔ መንገድ የለም፣ አጥር የለም፣ ሣር ብቻ ነው። መሬት የተመራ ሰው ቀያሾች ከተከሉት የብረት ችካል ይነሳል፣ በጋሪው የእንጨት ጎማ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፣ ጨርቁ ስንት ጊዜ እንደዞረ እየቆጠረ መሬቱን ያገኛል። የመሬት ቢሮው ጸሐፊ ጎማውን ለክቶ «ከችካሉ ወደ ምዕራብ አራት መቶ አርባ ዙር» ብሎ ለኢንግቫልድ የጻፈለትን ወረቀት ሆኮን መስተዋት ውስጥ አስገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ጎማውን ደግሞ ከከብቶቹ ቤት ግድግዳ ላይ። ወረቀቱና ጎማው ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ በሁለት ግድግዳ ላይ ኖሩ እንጂ አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም።

ሆኮን ለመጽሐፉ አሥራ አንድ ገጽ ስለ አባቱ ጻፈ። ገጽ ስልሳ አንድን ደግሞ ለኦስታፕ ዶቭሃን ሰጠው፤ ርዕሱ «የዶቭሃን ቆጠራ» ይላል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ዩክሬናዊው ኦስታፕ ከብሬከ በኋላ ሰባት ወር ቆይቶ መጣ፤ መቁጠር ስላልቻለ ከራሱ መሬት አልፎ ሄዶ ድንጋይ ላይ ሰፈረ፤ ከዚያ መሬት ቢሮ ሄዶ «ተሳስቻለሁ፣ በሰፈርኩበት ጻፉልኝ» አለ፤ ጸሐፊው በሳቅ ፍርስ አለ፤ ወሬውም ከጸሐፊው አፍ በባቡር መንደራችን ገባ። የኦስታፕ የራሱ መሬት የቱ ነበር ብሎ የጠየቀ የለም። ቀልድ አድራሻ አይጠየቅም።

ስንዴው ጉልበት ሲደርስ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሟቹ የኦስታፕ ሚስት ፓራስካ ቤቴ መጣች። ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነበር። በነሱ ቋንቋ አያት ባባ ነው የምትባለው፤ መንደሩ በሙሉ፣ ኖርዌጂያኖቹ ጭምር፣ ባባ እያለ እንደ ገዛ አያቱ «አንቺ» ነው የሚላት። ያመጣት የልጅ ልጇ ስላቭኮ ነው። «አንተ መኪናው ውስጥ ቆይ» አለችው። ስላቭኮ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቆየ።

«ገጽ ስልሳ አንድን ከመጽሐፉ አውጪልኝ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«የምን ገጽ ባባ?»

«አታስመስዪ! ሆኮን ስለ ኦስታፕ የጻፈውን ነዋ። በአፋቸው ያውሩ፣ ግድ የለኝም፤ ወሬ ካወሪው ጋር ይሞታል። መጽሐፍ ግን አይሞትም። ገና ያልተወለዱት ልጆቻችን ናቸው የሚያነቡት። ኦስታፕ መቁጠር ያውቅ ነበር።»

«ደንቡ እኮ ባባ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ታሪክ…»

«የራሱን ከሆነ የራሱን ይጻፋ! ኦስታፕ የሱ ነው?»

ወንበር ሳብኩላት፣ ሻይ ቀዳሁላት። ሻዩን ሳትነካ ጣቷን ወደኔ ቀሰረች።

«የምነግርሽን በስልክ እንደሰማሽው ቁጠሪው። ለማንም አትተነፍሽም። ማዪ።»

ማልኩ። እሷም ነገረችኝ።

በ1906፣ የበረዶው ክረምት ሊወጣ ሲል፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ሙሽራ ሆና ከኦስታፕ ጋር ጎማ እየቆጠሩ ከብረቱ ችካል መጡ። የኦስታፕ ወረቀት ያሳይ የነበረው የቅርቡን መሬት ነው፤ ጥቁር አፈር፣ አንዲት ድንጋይ የሌለበት። ሲደርሱ መሬታቸው ላይ ከሣር አፈር የተሠራ ቤት ቆሞ አገኙ። ከቤቱ አንዲት ሴት የሰባት ወር ሕፃን ታቅፋ ወጣች። ራግና ናት፣ የሆኮን እናት። ባሏ ዱቄት ሊገዛ ከተማ ሄዷል። የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበራቸው ኦስታፕ ወረቀቱን አሳያት። ራግና ቁጥር ታነብ ነበር።

«ፊቷ አመድ መሰለ» አለች ባባ። «ከዚያ ምን አደረገች መሰለሽ? ልጁን ለኔ ሰጠችኝና ሆዷን ይዛ ጮኸች። እንደዚህ!»

ባባም ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። ስላቭኮ ከመኪናው ዘሎ ወረደ፤ በመስኮት «ተመለስ!» አለችው፣ ተመለሰ።

«ከዚያ ጎማውን አሳየችን። በጣቷ ቆጠረች፣ ቆጠረች፣ ቆጠረችና ቆመች። ገባን። ባሏ እየቆጠረ ሳለ ነው ምጥ የመጣባት። ጋሪው የቆመበት ቦታ ወለደች፣ እዚያው ቤት ሠሩ። ወደ መሬቱ ለመድረስ አርባ ዙር ይቀረው ነበር።»

«ኢንግቫልድስ? አላወቀም?»

«ወንድ ልጅ ተወልዶለት ቁጥር ያስታውሳል? ደርሻለሁ አለ፤ ደረሰ።»

ኦስታፕ ሕፃኑን አየ፣ ሴትየዋን አየ፣ ገና ያልቀለጠውን በረዶ አየ። ከዚያ ፈረሶቹን ነድቶ አርባ ዙር አለፈና የኢንግቫልድ መሆን በነበረበት ድንጋያማ መሬት ላይ ሰፈረ። ኖርዌጂያኑ ተሳሳተ ቢል ቢሮው ቤታቸውን ሊያስፈርስባቸው ይችል ነበርና፣ ሄዶ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። ጸሐፊውም እየሳቀ የሁለቱን ስም መዝገቡ ላይ አለዋወጠው።

«ራግና እስክትሞት ድረስ» አለች ባባ፣ «በየጸደዩ አንድ ሳምንት እየመጣች ማሳዬ ላይ ድንጋይ ትለቅምልኝ ነበር። ሃያ ስድስት ጸደይ። ሆኮንንም ትጎትተዋለች፣ ያለቅሳል። መንደሩ እብደት ነክቷታል አለ። እኔ ዝም አልኩ፤ ኦስታፕ አስምሎኛል።»

«ታዲያ አሁን ይነገር እንጂ! ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ መሳቂያ ሆናችሁ!»

«አይነገርም። ሆኮን ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ከተማ ገብተዋል። ከአባቱ ስም ሌላ ምን ቀረው? እኔ የሱን አባት አውርዱ አላልኩም። ባሌን ተዉልኝ ነው ያልኩት።»

በማግሥቱ ሆኮን ቤት ሄድኩ።

«ገጽ ስልሳ አንድን ብናወጣውስ?» አልኩት።

«ለምን ሲባል?»

«ሰው ይከፋዋል።»

«ማን? ዶቭሃኖች? ከኛ በላይ የሚስቁት እነሱ አይደሉ እንዴ! ደግሞ ታሪክ ታሪክ ነው፣ ቲልዳ። ዛሬ እሱን ካወጣሁ ነገ አባትህን አውጣ ትሉኛላችሁ።»

«በሞተ ሰው መሳቅ ግን…»

«እኔ ወሬ አልጻፍኩም፤ ማስረጃ አለኝ» አለና ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በጣቱ መታ መታ አደረገው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚያ ሳሎን ውስጥ ሁለቱም ነበሩ።

ደሜ ፈላ። ምያለሁ፤ አፌን ከፍቼ መናገር አልችልም። ጎማው ግን አልማለም።

«ሆኮን» አልኩት፣ ድምፄን ማር አድርጌ። «ለምን በበዓሉ ቀን ያንን ጎማ አናወርደውም? ጋሪ ላይ ይገጠም፣ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት፣ አንተም እንደ አባትህ ከችካሉ እየቆጠርክ ትሄዳለህ። ሕዝቡ አብሮህ ይቆጥራል። ጋዜጠኛ እንጠራለን።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አንቺ እኮ ቲልዳ…» አለና መጨረስ አቃተው። ትንሽ አፈርኩ። ብዙም አይደለም።

እሱ ደግሞ በኔ ሐሳብ ላይ የራሱን ጨመረበት። የጋሪውን ፈረሶች ስላቭኮ ይንዳ፤ ባባ ፓራስካ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የቀረች እሷ ብቻ ናትና ጋሪው ላይ ተቀምጣ እናቱን ትሁን አለ። የአባቱ የመጀመሪያ ቤት በነበረበት ቦታ፣ መንገዱ ዳር፣ የድንጋይ ሐውልት ተሠራ። ድንጋዩ የመጣው ከዶቭሃን ማሳ ነው፤ በብሬከ መሬት ላይ ድንጋይ ቢፈለግ ከየት ይመጣል? ስላቭኮ በትራክተር አመላልሶ ደረደረው። ላዩ ላይ «ኢንግቫልድ ብሬከ በ1905 ቆጥሮ እዚህ ደረሰ» የሚል የነሐስ ሰሌዳ ተለጠፈ።

በዓሉ ቅዳሜ ዋለ። ማተሚያ ቤቱ መጽሐፉን የሚወስደው ሰኞ ነው። ከየከተማው የተመለሱት ተደምረው ስድስት መቶ ሰው ችካሉ ጋ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ጠዋት የጠበሱት የቱርክ ዶሮ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ተሸፍኖ ይጠብቃል። ሆኮን በዚያ ሙቀት የአባቱን የሱፍ ኮት ለብሷል፤ ቁልፉ አልገጥም ብሎት ክፍቱን ነው።

«አራት መቶ አርባ!» ብሎ ጮኸ ወደ ሕዝቡ። «አራት መቶ አርባ ስንል አባቴ ቤት በር ላይ እንቆማለን!»

ባባ ጋሪው ላይ ሆና ዞር አለችና አየችኝ። እኔ ከጎኗ ነበር የምሄደው።

«ቲልዳ፣ ምን አድርገሻል?»

«ምንም ባባ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።»

«አንቺን ሲኦል እንኳ ማዞሪያ ላይ ነው የሚያስቀምጥሽ!»

ጋሪው ተንቀሳቀሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሕዝቡ አብሮ ይቆጥራል፣ ልጆቹ በጩኸት። ሆኮን ዓይኑን ከጨርቁ ላይ ሳያነሳ ከጎማው ጎን አጎንብሶ ይሄዳል። መቶ አለፈ፣ ሁለት መቶ አለፈ። ሦስት መቶ ላይ ሐውልቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሦስት መቶ ሃምሳ ላይ ከኋላ ያሉት ገበሬዎች ድምፅ ላላ። የኛ ገበሬ ማሳን በዓይኑ ሲለካ በሜትር የለካው አይበልጠውም፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ ነካ አደረገው። ሦስት መቶ ሰማንያ ላይ የአዋቂ ድምፅ ጠፍቶ የሚቆጥሩት ሆኮንና ልጆቹ ብቻ ሆኑ።

«አራት መቶ!» አለ ሆኮን። ቀና ሲል ሐውልቱ አፍንጫው ሥር ነበር።

ፈረሶቹ ይሄዳሉ፤ ጎማው ሊያልፍ ነው። ሆኮን ሐውልቱን አየ፣ ጨርቁን አየ፣ እንደገና ሐውልቱን አየ። እንደዚያ ያለ ፊት በዕድሜዬ አላየሁም። ላየው የጓጓሁት ፊት ነበር፤ ሳየው ግን ምነው ባላየሁት አልኩ።

ያኔ ባባ ፓራስካ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች።

«ወይኔ! ወይኔ ሆዴ! መጣ! ልጁ መጣ! አቁሙ!»

ስላቭኮ ደንግጦ ልጓሙን ሳበ። ሕዝቡ የትያትሩ ክፍል መስሎት በሳቅ ፈነዳ፤ ተጨበጨበ፤ ልጆቹ ቁጥሩን ረሱት። የዘጠና ሁለት ዓመት ሴት ስታምጥ ማን አይቶ ያውቃል? ጋዜጠኛው ፎቶ አነሳ። በሳቁ መሐል ባባ ጎንበስ ብላ ለሆኮን ቀስ አድርጋ ስትነግረው እኔ ሰማሁ።

«ደርሰሃል ልጄ። እዚሁ ነው። ቁም።»

በንዴት አለቀስኩ። ይቺ ሴት ባሏ እንዳደረገው እሷም ደግማ ማድረጓ ነው! ሰኞ ገጽ ስልሳ አንድ ይታተማል፣ የልጅ ልጆቿ ልጆችም መሳቂያ ሆነው ይኖራሉ፤ እሷ ግን ይህ ሽማግሌ ከሚያፍር ብላ ሁሉንም ባንዲት ጩኸት አሳልፋ ሰጠችው።

ሆኮን ግን አልሳቀም። የጎማውን ጨርቅ በእጁ እንደያዘ ነበር።

«ባባ፣ ይህን ጩኸት ከማን ሰማሽው?»

ፊቷን ወደ ፈረሶቹ አዞረች።

«ባባ!»

«ከእናትህ» አለች።

ቀና ብሎ ከፊት ለፊት ያለውን የዶቭሃን አጥር አየ። በአጥሩ ሥር፣ ሰባ አምስት ጸደይ የተለቀመ ድንጋይ እንደ ግንብ ተቆልሏል።

«እናቴ በየጸደዩ እዚያ ማሳ ላይ ድንጋይ የምትለቅመው…»

«አርፈህ ቁም አልኩህ እኮ፣ አንተ ግትር!»

«ስንት ላይ ነበርን?» ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ሳቁ በረደ። በመጨረሻ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ «አራት መቶ!» አለች።

«ስላቭኮ፣ ንዳው።»

ቀሪውን ብቻውን ቆጠረው። ስድስት መቶ ሰው ከኋላው ይሄዳል፤ የሱ ድምፅና የጎማው ሲጥሲጥታ ብቻ ነው የሚሰማው። አራት መቶ አርባ ሲል ጋሪው ከድንጋዩ ክምር አጠገብ፣ ከዶቭሃኖች አጥር ላይ ደረሰ። ኪሱ ውስጥ አራት ገጽ ንግግር ነበረው፤ አላወጣውም። ባርኔጣውን አወለቀ።

«የኔ መሬት ይሄ ነበር» አለ። «የተሳሳተው አባቴ ነው። ኦስታፕ መቁጠር ያውቅ ነበር።»

ባባ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስላቭኮ ልጓሙን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

«ያንን ሐውልት ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ!» አለ ሆኮን። «ቃሌ ነው! ድንጋዩን በገዛ እጄ ወዳመጣችሁበት እመልሰዋለሁ!»

ባባ ጋሪው ላይ ቆመች።

«ወዴት? ወደኔ ማሳ? አንዲት ጠጠር አትመለስም! ሰባ አምስት ዓመት የለቀምነውን ነው እንደገና የምትበትንብኝ? እናትህ ወገቧ የጎበጠው በዚህ ድንጋይ አይደለም እንዴ! እዚያው ይቁም። ይልቅ አሁን እንሂድ፣ ዶሮው ቀዘቀዘ።»

ሐውልቱ ዛሬም ቆሟል፤ ሰሌዳውም ኢንግቫልድ ብሬከ ቆጥሮ እዚያ እንደደረሰ ይመሰክራል። ሆኮን እሑድን ሙሉ ቤቱን ዘግቶ ገጽ ስልሳ አንድን እንደ አዲስ ጻፈው፤ ሰኞ ጠዋት እኔ በታይፕ መታሁት። ርዕሱን አልቀየረውም። መጽሐፋችን አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ገጽ ሰው ተሳሳተ የሚል ቃል ያለበት እሱ ብቻ ነው።